ሞተርሳይክልን በአንድ እጅ ወይም ያለ እጅ መንዳት

ሞተርሳይክልን በአንድ እጅ ወይም ያለ እጅ መንዳት ማለት ተሽከርካሪው እየተጓዘ ሳለ አሽከርካሪው አንዱን ወይም ሁለቱንም እጆቹን ከመሪው ላይ ማንሳቱ ነው። ድርጊቱ በወታደራዊና በባዛር ትርኢቶች የሚታይ ጥበብ፣ በአንዳንድ ሥራዎች ከዕለት ኑሮ የመጣ ልማድ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች የመንገድ ሕግ ግን የተከለከለ ነው።

በተለምዶ ሰው እጅ የሚያስፈልገው ሞተርሳይክሉ እንዳይወድቅ ለመደገፍ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በመጠነኛ ፍጥነት የሚሄድ ሞተርሳይክል ሚዛኑን በአብዛኛው የሚጠብቀው በራሱ ነው፤ እጅ በዋናነት የሚያስፈልገው አቅጣጫንና ፍጥነትን ለመለወጥ ነው። በዚህም ምክንያት እጁን የለቀቀ አሽከርካሪ መንገዱ ቀጥ ያለና ባዶ እስከሆነ ድረስ ምንም የጎደለበት አይመስለውም። ጉድለቱ የሚታወቀው አንድ ነገር በድንገት መለወጥ ሲኖርበት ነው።

የእጆች ሥራ

በተለመደው ሞተርሳይክል ላይ ቀኝ እጅ ሁለት ዋና ሥራዎች አሉት። እጀታውን ወደ አሽከርካሪው በማዞር ለሞተሩ ነዳጅ ይሰጣል፤ በጣቶቹ ደግሞ የፊት ፍሬን ይይዛል። ግራ እጅ ፍሪሲዮን ይይዛል፤ ፍሬቻና ክላክስም በአብዛኛው የሚነኩት በግራ አውራ ጣት ነው። የኋላ ፍሬን በቀኝ እግር ይረገጣል፣ ማርሽ በግራ እግር ይቀየራል። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊተኛው ጎማ ስለሚያደላ ዋናው የማቆም ኃይል የሚገኘው ከፊት ፍሬን ነው። ስለዚህ ቀኝ እጁን ያነሳ ሰው የተሻለውን ፍሬኑን ትቷል ማለት ነው። ደንግጦ የኋላውን ብቻ አጥብቆ ቢረግጥ፣ ኤቢኤስ በሌለው ሞተርሳይክል ላይ የኋላው ጎማ ቶሎ ተቆልፎ ይንሸራተታል።

ነዳጅ መስጫው እጀታ የመመለሻ ሞላ አለው። ሲለቀቅ ይዘጋል፤ ሞተሩም ራሱ እንደ ፍሬን እየያዘ ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ በተራ ሞተርሳይክል ያለ እጅ መጓዝ ሁልጊዜ እየቀነሱ መጓዝ ነው፤ ቁልቁለት ካልሆነ በቀር ብዙ አያስኬድም። እንደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ያሉ ለረጅም ጉዞ የተሠሩ ሞተርሳይክሎች ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቅ መሣሪያ ስላላቸው ይህ ገደብ አይዛቸውም። ፈተናውም በእነርሱ ላይ ይበልጣል።

ሳይያዝ ለምን አይወድቅም?

የሞተርሳይክል የፊት ጎማ ከመሪው ጋር የሚያያዘው ወደ ኋላ ዘንበል ባለ ሹካ ነው። የመሪው መዞሪያ ዘንግ ወደ መሬት ቢራዘም፣ መሬቱን የሚነካው ጎማው አስፋልቱን ከሚነካበት ቦታ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ጎማው በዚህ ርቀት ከዘንጉ ኋላ እየተጎተተ ስለሚሄድ፣ በገበያ አዳራሽ የሚገፋ ጋሪ ጎማ እንደሚያደርገው ሁሉ ወደ ጉዞው አቅጣጫ መቅናት ይቀናዋል። ተሽከርካሪው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ደግሞ የፊት ጎማው በራሱ ወደዚያው ጎን ይዞራል። ጎማዎቹ በዚህ መንገድ ሊወድቅ ካለው ክብደት ሥር ይመለሳሉ፤ ሞተርሳይክሉም ይቃናል። በፍጥነት የሚሽከረከር ጎማ የሚያሳየው የጋይሮስኮፕ ጠባይም መሪውን ወደ ተዘነበለበት ጎን በማዞር ያግዛል።

የዚህ ጥያቄ ሂሳብ መጀመሪያ የተሠራው ለብስክሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ፍራንሲስ ዊፕል የተባለ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰው ሳይነካው የሚሄድ ብስክሌት በተወሰነ የፍጥነት ክልል ውስጥ ሚዛኑን እንደሚጠብቅ የሚያሳዩ እኩልታዎች አወጣ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምስጢሩ ሁሉ ጋይሮስኮፕ ነው የሚለው ማብራሪያ ተስፋፋ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዴቪድ ጆንስ ይህን ለመፈተን ሆን ብሎ የማይነዱ ብስክሌቶችን ለመሥራት ሞከረ። በአንዱ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከር ተጨማሪ ጎማ ገጥሞ የጋይሮስኮፕን ውጤት አጠፋ። ብስክሌቱ ግን ያለ ብዙ ችግር ተነዳ፤ ከባድ የሆነው እጅ ለቆ መንዳቱ ብቻ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1970 ፊዚክስ ቱደይ በተባለው መጽሔት አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የጋይሮስኮፕ ውጤትም ሆነ የፊት ጎማው የመጎተት ርቀት የሌለው ባለ ሁለት ጎማ መሣሪያ ተሠርቶ ሳይያዝ ሚዛኑን ጠብቆ መሄዱን አሳየ። ስለዚህ ነጠላ ምክንያት መፈለጉ ራሱ ስህተት ነው፤ የክብደት አቀማመጥ፣ የሹካው ዘንበል ማለትና የጎማዎቹ ጠባይ አንድ ላይ ይሠራሉ።

ሞተርሳይክል ከብስክሌት ይከብዳል፣ ይፈጥናል፣ ጎማዎቹም ወፍራም ናቸው። ለእርሱ የሚሆነውን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሮቢን ሻርፕ ነው። ሻርፕ ተሽከርካሪው ሚዛን የሚያጣባቸውን ሦስት መንገዶች ለየ። አንደኛው ወደ ጎን ቀስ እያለ መጋደም ነው። ሁለተኛው መላ አካሉ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ እባብ መጥመልመል ሲሆን በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ሦስተኛው የመሪው መንቀጥቀጥ ነው፤ በሰከንድ ከ6 እስከ 10 ጊዜ ስለሚደርስ አይን በቅጡ አይከተለውም።

ይህ ሦስተኛው ከእጅ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በእጀታው ላይ ዘና ብሎ ያረፈ እጅ የመሪውን ንዝረት የሚውጥ አሞርዛተር ነው ማለት ይቻላል። እጅ ሲነሳ ያ ማለዘቢያ ይጠፋል። በተለይ ከፈጣን ጉዞ ነዳጅ ተዘግቶ ፍጥነት ሲቀንስ፣ ብዙ ሞተርሳይክሎች በሰዓት ከ80 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ሲያልፉ መሪያቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በሁለት እጅ ለሚነዳ ሰው ይህ ሳይታወቅ ያልፋል። ያለ እጅ ለሚሄድ ግን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ አድጎ መሪው ከዳር እስከ ዳር የሚላተምበት ደረጃ ሊደርስ ይችላል። ያለቀ ጎማ፣ ያነሰ የጎማ ንፋስ፣ የላላ የመሪ ኩሽኔታና ከኋላ የተጫነ ከባድ ዕቃ ሁሉም ያባብሱታል። እጅ ሲለቀቅ የሚንቀጠቀጥ ሞተርሳይክል ብዙውን ጊዜ ጥገና የሚፈልግ ሞተርሳይክል ነው።

አቅጣጫ የሚለወጠው በመሪው ነው

ያለ እጅ የሚነዱ ሰዎች ሰውነታቸውን ወደ ጎን በማዘንበል እንደሚታጠፉ ይናገራሉ። ለቀላል ብስክሌት ይህ በተወሰነ ደረጃ እውነት ነው፤ ብስክሌቱ ከነጂው እጅግ ስለሚቀል የነጂው መወዛወዝ ያንቀሳቅሰዋል። 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተርሳይክል ግን እንዲህ በቀላሉ አይታዘዝም።

በፍጥነት የሚሄድ ሞተርሳይክል የሚታጠፈው መሪውን ለአፍታ ወደ ተቃራኒው ጎን በመግፋት ነው። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙ እጀታ ወደ ፊት ይገፋል። የፊት ጎማው በጥቂቱ ወደ ግራ ሲወጣ ተሽከርካሪው ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ከዚያ መሪው ወደ ቀኝ ተመልሶ መታጠፉ ይጀምራል። አብዛኛው አሽከርካሪ ይህን የሚያደርገው ሳያውቀው ነው። የአውሮፕላን ፈልሳፊዎቹ ራይት ወንድማማቾች አስቀድመው በዴይተን ኦሃዮ ብስክሌት ይሠሩ ነበር፤ ታላቁ ዊልበር ብስክሌት ነጂዎችን እንዴት እንደሚታጠፉ ጠይቆ፣ መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው እንደሚያዞሩ የሚያስተውል ሰው እንደማይገኝ ታዝቦ ነበር።

አሜሪካዊው የሞተርሳይክል አሠልጣኝ ኪት ኮድ ክርክሩን በተግባር ለመፍታት ቀላል መላ ዘየደ። በአንድ የካዋሳኪ ሞተርሳይክል ላይ ከእውነተኛው መሪ በተጨማሪ ሌላ መሪ አሠራ። ሁለተኛው መሪ በሻንሲው ላይ በብሎን የታሠረና ፈጽሞ የማይዞር ሲሆን፣ ነዳጅ መስጫ ግን ነበረው። በዚህ መሪ የያዘ ሰው ፍጥነቱን ይጠብቃል፣ ሰውነቱን እንደፈለገ ያዘነብላል፤ የፊት ጎማውን ግን በእጁ ማዘዝ አይችልም። ያለ እጅ ከመንዳት ጋር የሚመሳሰለው በዚህ ነው። የሞከሩት አሽከርካሪዎች ተሽከርካሪውን ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን እንዲንሸራተት ከማድረግ ያለፈ ነገር አልቻሉም። መስመር ለመለወጥ ይበቃ ይሆናል፤ ፊት ለፊት የቆመን መኪና ለማምለጥ ግን በጭራሽ አይበቃም።

አንድ እጅ ሲቀር

በአንድ እጅ መንዳት ያለ እጅ ከመንዳት በእጅጉ ይሻላል፤ አንዱን እጀታ በመግፋትና በመሳብ ወደ ሁለቱም ጎን መታጠፍ ይቻላልና። ችግሩ የሚመጣው ድንገት ፍሬን ሲያዝ ነው። ተሽከርካሪው ሲቀንስ የአሽከርካሪው አካል ወደ ፊት ይገፋል፤ ያንን ግፊት የሚሸከሙት ክንዶቹ ናቸው። ሁለቱም እጆች ከያዙ ግፊቱ ለግራና ለቀኝ እኩል ይካፈላል። ቀኝ እጅ ብቻ ሲሆን ግን የአካሉ ክብደት በሙሉ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሞተርሳይክሉም አሽከርካሪው ሳይፈልግ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ፍሬን የተያዘበት የፊት ጎማ ደግሞ መዘንበልን አይወድም። ጉድጓድ ወይም ድንጋይ መሪውን ሲያስፈነጥረውም እንደዚሁ በአንድ በኩል ብቻ የተያዘ መሪ በቀላሉ ይጣመማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የመራው ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 ያህል የሞተርሳይክል አደጋዎችን በደረሱበት ቦታ መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 አወጣ። በተለመደው አደጋ አሽከርካሪው ለማምለጥ ያለው ጊዜ ከ2 ሰከንድ በጥቂቱ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተርሳይክል በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። እጅን ከጭን ወይም ከኪስ አንስቶ ፍሬን ላይ ለማድረስ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ቢፈጅ እንኳ ከ8 ሜትር በላይ ምንም ሳይደረግ ይታለፋል።

በኢትዮጵያ ከተሞች በአንድ እጅ መንዳት በብዛት የሚታየው ከስልክና ከዕቃ ጋር ተያይዞ ነው። አሽከርካሪ እየነዳ ስልክ በእጁ ይዞ ማነጋገር በትራፊክ ደንብ የተከለከለ ሲሆን፣ ስልካቸውን በሄልሜትና በጆሯቸው መካከል ወትፈው የሚያወሩ ሞተረኞችም አሉ። ይህኛው እጅን ነፃ ያደርጋል፤ ስልኩ ሊወድቅ ሲል ግን መጀመሪያ ከመሪው የሚነሳው ያው እጅ ነው።

በአንድ እጅ እንዲነዳ የተሠራው ሞተርሳይክል

በዓለም ላይ በብዛት የተመረተው ሞተርሳይክል የተነደፈው በአንድ እጅ መንዳትን አስቦ መሆኑ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። በጃፓን ከተሞች የሶባ ፓስታ ቤቶች ምግቡን በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያደርሱ ነበር። አድራሹ ሳህኖቹን በትሪ ደራርቦ በትከሻው ላይ በአንድ እጁ ይደግፋል፤ በሌላው እጁ የብስክሌቱን መሪ ይይዛል። ሾርባው መፍሰስ የለበትም።

የሆንዳ ኩባንያ መሥራች ሶይቺሮ ሆንዳና የሽያጭ ኃላፊው ታኬዎ ፉጂሳዋ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለተራው ሕዝብ የሚሆን ርካሽ ሞተርሳይክል ሲያቅዱ፣ ካስቀመጧቸው መመዘኛዎች አንዱ የሶባ አድራሽ በአንድ እጁ ሊነዳው መቻሉ ነበር። እንቅፋቱ ፍሪሲዮን ነው። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የግራ እጅ ካስፈለገ ትሪውን ማን ይይዛል? መሐንዲሶቹ መፍትሔ ያደረጉት ሞተሩ ሲፈጥን በራሱ የሚይዝ፣ ሲዘገይ በራሱ የሚለቅ ፍሪሲዮን ነው። ማርሹ በግራ እግር ሲረገጥ ፍሪሲዮኑ አብሮ ስለሚላቀቅ በእጅ የሚያዘው ዘንግ ጨርሶ ቀረ። የፍሬቻው ማብሪያም በቀኝ እጅ በኩል ተደረገ፤ በግራ በኩል የግድ መነካት ያለበት ነገር እንዳይኖር ነው።

ሱፐር ካብ ሲ100 የተባለው ይህ ሞተርሳይክል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1958 ለገበያ ቀረበ። ሞተሩ 49 ሲሲ ብቻ ሲሆን 4.5 የፈረስ ጉልበት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2017 የምርቱ ቁጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ። በቬትናም ሆንዳ የሚለው ቃል ለማንኛውም ሞተርሳይክል መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል። በጃፓን የትሪው ልማድ ራሱ ከጊዜ በኋላ እየቀረ ሄደ፤ ምግቡን በሞላ አንጠልጥሎ የሚይዝና ከኋላ ወንበር ላይ የሚታሠር መደርደሪያ ተፈልስፎ የአድራሹ ግራ እጅ ወደ መሪው ተመለሰ።

አካል ጉዳተኛ አሽከርካሪዎች

አንድ እጅ ብቻ ላላቸው ሰዎች በአንድ እጅ መንዳት ምርጫ ስላልሆነ፣ መፍትሔው መቆጣጠሪያዎቹን ማዛወር ነው። ነዳጅ መስጫውና ፍሬኑ ጤናማው እጅ ወዳለበት ጎን ይዞራሉ፤ የፊትና የኋላ ፍሬኖች በአንድ መያዣ ይገናኛሉ፤ ፍሪሲዮን በራሱ በሚሠራ ይተካል። በብሪታንያ ከ1991 ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ሞተረኞችን በዚህ የሚረዳ ብሔራዊ ማኅበር አለ። አውስትራሊያዊው አለን ኬምፕስተር ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን በአደጋ ካጣ በኋላ፣ ሁሉም መቆጣጠሪያ በግራ በኩል በተሰበሰበበት ሞተርሳይክል በውድድር ሜዳ ይሽቀዳደም ነበር። የውድድር ቁጥሩ ½ ነበር። የእርሱ ሞተርሳይክልና በግዴለሽነት አንድ እጁን ኪሱ የከተተ ሰው የሚነዳው ተራ ሞተርሳይክል ሊነጻጸሩ አይችሉም፤ በአንደኛው ላይ ሁሉም ነገር ለአንድ እጅ ተመቻችቷል፣ በሌላው ላይ ግማሹ መቆጣጠሪያ ያለ ባለቤት ቀርቷል።

በትርኢት

ያለ እጅ መንዳት እንደ ትርኢት ረጅም ዕድሜ አለው። በብሪታንያ ጦር የሬዲዮ መገናኛ ክፍል ሥር የነበረው ነጭ ሄልሜቶች የተባለ ቡድን ከ1927 እስከ 2017 የሞተርሳይክል ትርኢት አሳይቷል። በሕንድም የጦር ሠራዊቱ ሞተረኞች በየዓመቱ ጥር መጨረሻ በኒው ዴልሂ በሚደረገው የሪፐብሊክ ቀን ሰልፍ ላይ በሚሄድ ሞተርሳይክል ላይ በተተከለ መሰላል ወጥተው ሰላምታ ይሰጣሉ።

በሕንድ ባዛሮች ደግሞ የሞት ጉድጓድ የሚባል ትርኢት አለ። ከእንጨት በተሠራ ትልቅ በርሜል መሰል ግድግዳ ላይ ሞተረኛው ቀጥ ባለው ግድግዳ ጎን ይዞራል፤ ከላይ ቆመው የሚያዩ ሰዎች የሚዘረጉለትን የብር ኖት እጁን ለቆ ይቀበላል። ይህ የሚቻለው ክቡ ግድግዳ አቅጣጫውን ስለሚወስንለት ነው፤ መታጠፍ፣ ማምለጥ ወይም በድንገት መቆም አይጠበቅበትም። በአሜሪካና በአውሮፓ ለተመሳሳይ ትርኢት ተመራጭ የነበረው በ1920ዎቹ መጨረሻ የተመረተው ኢንዲያን ስካውት 101 ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ሞተርሳይክሎች ላይ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ባለበት ይቆይ ነበር።

በሕግ

እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በአንቀጽ 27 ጉዳዩን ይነካል። ብስክሌት ነጂ ቢያንስ በአንድ እጅ መሪውን መያዝ አለበት። ለሞተርሳይክል ግን ይጠብቃል፤ ምልክት ለማሳየት ካልሆነ በቀር ሁለቱም እጆች መሪው ላይ መሆን አለባቸው። የጀርመን የመንገድ ደንብ በአንቀጽ 23 ብስክሌትም ሆነ ሞተርሳይክል እጅ ለቆ መንዳትን ይከለክላል። በዩናይትድ ስቴትስ ብዙ ግዛቶች የሚከለክሉት ደግሞ ሁለቱም እጆች መሪውን እንዳይዙ የሚያደርግ ጥቅል ወይም ዕቃ ይዞ መንዳትን ነው። በጃፓን የነበረው የሶባ ትሪ እዚህ ሕግ ፊት አንድ ቀንም ባላደረ ነበር።

ሰው የሌለበት ሞተርሳይክል

ሞተርሳይክል በራሱ ሚዛኑን የሚጠብቅ ከሆነ ኮምፒውተር በቀላሉ ሊነዳው የሚችል ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በሞሃቬ በረሃ በተደረገው የዳርፓ ሰው አልባ ተሽከርካሪዎች ውድድር ላይ ከበርክሌይ የመጣ አንድ ቡድን ጎስትራይደር የተባለ ሞተርሳይክል አቅርቦ ነበር። ባለ ሁለት ጎማ ተወዳዳሪ እርሱ ብቻ ነበር፤ ሚዛኑንም የሚጠብቀው መሪውን በማዞር ብቻ ነው። በመነሻው መስመር ላይ የሚዛን ፕሮግራሙን ማብራት ስለተረሳ ወዲያው ወደቀ። አሁን በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 በላስ ቬጋስ ያሳየው ሞተርሳይክል ቆሞ ወይም በእግር ፍጥነት ሲሄድ የፊት ሹካውን ዘንበል እየለወጠና መሪውን በጥቂቱ እያዞረ ያለ ሰው ይቆማል። ቢኤምደብሊው በ2018 በደቡብ ፈረንሳይ ሚራማስ የሙከራ ሜዳ ላይ ያለ ሰው የሚነሳ፣ የሚታጠፍና የሚቆም ሞተርሳይክል ሲያሳይ ዓላማው የሞተርሳይክልን ጠባይ አጥንቶ አሽከርካሪውን የሚረዱ መሣሪያዎችን ማሻሻል እንጂ ሰው አልባ ሞተርሳይክል መሸጥ እንዳልሆነ ገልጿል።

ያማሃ ከሁሉም የተለየ መንገድ መረጠ። ሞተርሳይክሉን ሳይለውጥ ሞቶቦት የተባለ ሰው መሰል ሮቦት በላዩ አስቀመጠ። ሮቦቱ እንደ ሰው በሁለት እጁ መሪውን ይዞ ነዳጅ ይሰጣል፣ የፊት ፍሬንና ፍሪሲዮን ይይዛል፣ በእግሩም ማርሽ ይቀይራል፣ የኋላ ፍሬን ይረግጣል። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መድረስ ቻለ። በ2017 በካሊፎርኒያ ተንደርሂል ሜዳ ከጣሊያናዊው የዓለም ሻምፒዮን ቫለንቲኖ ሮሲ ጋር ሲወዳደር ሮሲ አንዱን ዙር በ85.74 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ሮቦቱ 117.50 ሰከንድ ፈጀበት።